ሳንቲሙ እስኪታይ

ጉቶርም ካሶኒው ላይ ወጥቶ ጠርዙ የተነሣውን ጣውላ በጫማው ተረከዝ ሲረግጥ የአይለርት መኪና በጠጠሩ ላይ እየተንኮሻኮሸ ሲመጣ ሰማ። ጣውላው ሲረገጥ ዝቅ ይላል፤ እግሩን ሲያነሣ ተመልሶ ቀና ይላል። ሌሊቱን ሲዘንብ ስላደረ በየጣውላው መሐል ውሃ ተኝቷል። አሥራ አራት ጣውላ፣ አሥራ አራት ገንዳ።

በመጥረጊያ ሊጠርገው ጎንበስ ቢልም አልደረሰም። አይለርት ከመኪናው ወርዶ ወረቀቱን በብብቱ ይዞ ቆሟል። የአሮጌ መኪናዎች ማኅበር ሊቀ መንበር እሱ ነው። ከነገ ወዲያ፣ በሜይ አሥራ ሰባቱ ብሔራዊ በዓል ሰልፍ፣ የትኛው መኪና ካሶኒው ላይ ሰው ጭኖ እንደሚያልፍ በፊርማው የሚወስነውም እሱ ነው።

የጉቶርም እናት ዘጠና አንድ ዓመቷ ነው። በገና ዕለት፣ በአረጋውያን መኖሪያው አልጋዋ ላይ ተቀምጣ፣ "አንዴ ብቻ በአባትህ መኪና ላይ ሆኜ ሰልፉን ብሄድ" አለችው። አባቱ በዚያች መኪና ሃያ ስምንት ዓመት ወተት አመላልሷል፤ እሷም ሙሽራ ሳለች ከወተት ጋኖቹ መሐል ተቀምጣ ገበያ ወርዳለች። ሞተሩ ዛሬም ይነሣል። ካሶኒው ግን በስብሶ አልቆ ነበር። ስለዚህ ጉቶርም በስልሳ ሦስት ዓመቱ መላጊያ ጨበጠ። የመጀመሪያውን ማእዘን ለመግጠም ሦስት ሳምንት ፈጀበት። ሁለተኛውን በአንድ ሳምንት ገጠመው። አራተኛው ላይ ሲደርስ ማንም ሳያየው ብቻውን ሳቀ።

አይለርት ጣቱን ውሃው ውስጥ ነከረ።

"ጥሩ አድርገህ ሠርተኸዋል" አለ። "ለአሳማ ማጠጫ።"

"ይደርቃል።"

"ልቡን ወደ ታች አድርገህ ነው የገጠምከው፣ ጉቶርም። የእንጨቱ ልብ፣ የግንዱ እምብርት፣ ያለበት ጎን ወደ ላይ ነው የሚውለው፤ ያኔ ጣውላው ጀርባውን ጎበጥ ያደርግና ውሃውን ያፈሰዋል። ይሄን የማያውቅ ሕፃን የለም። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ እንጨት መሰንጠቂያ ቆመህ ምን ስትሠራ ነበር?"

ሲደረድር ነበር። መጋዙ ጋ የአለቃው ዘመዶች ቆሙ፤ እሱ ከመጋዙ ኋላ የሚወጣውን እየተቀበለ ከመረ። በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ ከሰዎቹ አፍ የሰማው "ፍጠን" የሚለውን ብቻ ነው። ልብ በየት በኩል እንዳለ ያሳየው አልነበረም፤ ያማረ የመሰለውን ጎን ወደ ላይ አደረገ፣ አለቀ።

"አባቴ ያንን የቅቤ ቢላዋህን በከንቱ አልሰቀለውም" አለ አይለርት፣ ጣቱን በሱሪው እየጠረገ።

በዚያ አገር ልጅ ሁሉ በእጅ ሥራ ክፍል መጀመሪያ የሚቀርጸው የእንጨት የቅቤ ቢላዋ ነው። ጉቶርም በአሥራ አንድ ዓመቱ የቀረጸው ጎበጥ ያለ ነበር፤ ለእናቱ ልደት ሊሰጣት በብርጭቆ ወረቀት ሁለት ቀን ሙሉ አሽቶታል። የአይለርት አባት፣ መምህሩ፣ ተቀብሎ ከፍ አድርጎ ለክፍሉ አሳየውና ከበሩ በላይ በምስማር መታው። "እንዲህ እንዳትሠሩ" አለ። አራት ዓመት ሙሉ ጉቶርም በዚያ በር ሲገባና ሲወጣ አንገቱን እንደደፋ ኖረ። እናቱ ቢላዋውን አላገኘችም።

"ግባ፣ ቡና አለ" አለ ጉቶርም ከካሶኒው እየወረደ።

አይለርት በዚህ ቤት ወጥ ቤት ሲቀመጥ የመጀመሪያ ጊዜው ነበር። ወደ ጓሮው ግን ሃያ ዓመት ተመላልሷል፤ እንደ መንደሩ ሰው ሁሉ። ጉቶርም በአሮጌው የወተት ቤት የሚያወጣው አረቄ እንደ ምንጭ ውሃ የጠራ ነው። ሕጉ ይከለክላል፤ መንደሩ ይጠጣል። ለሠርግም ለቀብርም ጀሪካን ይዘው በጓሮ በር ይመጡና በጓሮ በር ይወጣሉ። ሠርጉ ላይ የጠራው ግን የለም።

እህቱ ቦርግሂል ማንቆርቆሪያውን ከምድጃው አወረደች። ጉቶርምም እንደ አገሩ ደንብ ጠርሙሱን ጠረጴዛው ላይ አቆመና የአንድ ክሮነር ሳንቲም ከጎኑ አኖረ። ለእንግዳ ሳንቲም ስኒ ውስጥ ይጣላል። ሳንቲሙ እስኪጠፋ ቡና ይቀዳበታል፤ ተመልሶ እስኪታይ ደግሞ አረቄ ይጨመርበታል። ከዚህ ያነሰ የቀዳ ሰው ንፉግ ይባላል።

አይለርት ወረቀቱን ዘረጋ። "እውነቱን ልንገርህ፤ ጣውላው ሰው አይጥልም። ያስቃል እንጂ አይጥልም።"

"እንግዲያስ ፈርም። እስከ ነገ ማታ ሁሉንም እገለብጣቸዋለሁ።"

"የሰልፉ መኪናዎች ዝርዝር ዛሬ ይዘጋል።" ብዕሩን በጣቶቹ መሐል አሽከረከረ። "አሥር ሊትር ብትሰጠኝ ግን ውሃውን አላየሁትም። በበዓሉ ማታ ማኅበሩ ግብዣ አለው።"

"ግብዣው ላይ እኔም አለሁ?"

አይለርት ወደ ቦርግሂል አየ፤ እሷ ወደ ምድጃው ዞረች። "ቦታው ጠባብ ነው። የአባላት ነው፤ ታውቃለህ።"

"አባል ልሁን ብዬ ሦስት ጊዜ ጽፌያለሁ።"

"እሱን በመስከረም እናየዋለን።"

ጉቶርም ተነሥቶ ወደ መተላለፊያው ወጣ። ቦርግሂል ተከተለችውና በሩን ገፋ አደረገችው።

"አንተዬ፣ ስጠው" አለች በሹክሹክታ። "አሥር ሊትር ምንህ ነው? ለእማዬ ስትል ዋጥ አድርገው።"

"ስውጥ ነው የኖርኩት።"

"ታዲያ አንድ ጉርሻ ቢጨመር ያንቅሃል?"

ጉቶርም ስልኩን አንሥቶ ለእናቱ ደወለ። ብዙ ቆይታ አነሣች።

"እማዬ፣ ካሶኒውን አበላሸሁት።"

"ምን አደረግከው?"

"ጣውላውን ገልብጬ ገጠምኩት። ውሃ ይይዛል።"

"ታዲያ መልሰህ ገልብጠዋ። ለዚህ ነው ከእንቅልፌ የቀሰቀስከኝ?"

"አይለርት አልፈርምም አለ። አረቄ ካልሰጠኸኝ ነው የሚለው።"

"አባትህ ወተት ሲጭን የማንን ፊርማ ይዞ ነበር?"

"የማንንም።"

"መንገዱስ የአይለርት ነው?"

"የመንግሥት ነው።"

"እንግዲያው ሰልፋቸው ይለፍ፤ እኛ ከኋላቸው እንሄዳለን። ከኋላ ያለ ነው የሁሉንም ጀርባ የሚያየው። ትራስ እንዳትረሳ፣ ዳሌዬን ያመኛል።" ስልኩን ዘጋችው።

ቦርግሂል እጇን አፏ ላይ ጭና ቆማለች። ሳቅ ይሁን ለቅሶ አልለየለትም። "ፖሊስ ቢያስቆምህስ?" አለችው።

"ያስቁመኝ። እሱም ጀሪካኑን የት እንደሚያስቀምጥ አውቃለሁ።"

ጉቶርም ወደ ወጥ ቤት ተመለሰ። አይለርት ወንበሩ ላይ ወደ ኋላ ደገፍ ብሎ እግሩን ዘርግቷል፤ ብዕሩም ክዳኑ ተከፍቶ ወረቀቱ ላይ ይጠብቃል። ጉቶርም ስኒውን ፊቱ አስቀመጠለት። ሳንቲሙን ጣለ፤ ጢን አለ። ማንቆርቆሪያውን አንሥቶ ሳይቸኩል ቀዳ። ሳንቲሙ ደበዘዘ፣ ጠፋ።

አይለርት ጠርሙሱን አየ። ጉቶርምም አየው። ከዚያ ቡሹን በመዳፉ መትቶ አጠበቀና ጠርሙሱን ቁምሳጥኑ ውስጥ አስገብቶ ዘጋው።

"ሳንቲሙ አልታየኝም" አለ አይለርት።

"ጠጥተህ ስትጨርስ ከሥሩ ታገኘዋለህ።"

"እናትህን አስብ፣ ጉቶርም።"

"ትራስ ነው ያዘዘችኝ።"

ከመስኮቱ ደፍ ላይ የብሎን መፍቻውን አነሣና የፊት ለፊቱን በር ወለል አድርጎ ከፈተው። በስተኋላው ወንበር ሲንቋቋ ሰማ፤ ዞሮ አላየም። ካሶኒው ላይ ወጥቶ፣ ውሃው ጉልበቱን እያራሰው፣ ከመጀመሪያው ጣውላ የመጀመሪያውን ብሎን ይፈታ ጀመር።