ዳሪ መብረር የሚማርበት አገር

ባለፈው ዓመት፣ ሙቀቱ ሊሰበር ሲል፣ አንድ ረቡዕ ከመግሪብ ሶላት በኋላ ኩዌት ውስጥ በአጎቴ በሁሙድ ዲዋንያ፣ ወንዶች ማታ ማታ በሚሰበሰቡበት የእንግዳ ክፍል፣ የነበርነው እነዚህ ነን። አጎቴ ሁሙድ፤ የበኩር ልጃቸው በራክ፤ የሟቹ ወንድማቸው የፈላሕ ልጅ ዳሪ፤ አቡ ናስር የምንላቸው ሽማግሌው ጎረቤታችን፤ እና እኔ፣ የእህታቸው ልጅ። ሌሎችም ገብተው ወጥተዋል፤ ነገሩን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ያየነው ግን እኛ ነን።

በዲዋንያ ሰው እንዳገኘ አይቀመጥም። ከአጎቴ በስተቀኝ ያለው ትራስ የበራክ ነበር። ከእሱ ቀጥሎ አቡ ናስር፣ ከዚያ ዳሪ፣ በሩ አጠገብ ጫማ የሚወለቅበት ዘንድ እኔ። በየማታው እንዲህ ነው። አጎቴ ጆሯቸው ስለደከመ ለእሳቸው የሚነገር ነገር ሁሉ ጮክ ተብሎ ይነገራል፤ ስለዚህ በዚያ ክፍል ምስጢር የሚባል ነገር የለም።

የዚያን ቀን ዳሪ ጉሮሮውን ጠራርጎ፣ «አጎቴ፣ አውሮፕላን ማብረር ልማር ነው» አለ።

«ምን?»

«አውሮፕላን! ትንሿን! የግል ፈቃድ ላወጣ ነው። ለእንጀራ አይደለም፣ ለራሴ ነው።»

በራክ ሳቀ። «መኪናህን ስታቆም የሁለት መኪና ቦታ ነው የምትይዘው። አውሮፕላኑን ልታቆም ማንን ልታፈናቅል ነው?»

እኛም ሳቅን። አጎቴ ግን አልሳቁም። መቁጠሪያቸውን ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው፣ «ከላይ ሲያዩት በረሃው ይለያል?» አሉ።

«እንዴት አጎቴ?»

«አባቴን የቀበርነው በጉዞ ላይ ነው፤ እኔና አባትህ፣ ልጆች ሳለን። ጥቁር ድንጋይ ያለበት ጉብታ ሥር ነው። በመኪና ስንት ጊዜ ፈለግኩት። ከምድር ሲያዩት ጉብታው ሁሉ አንድ ነው።»

«ከላይ ይለያል፣ አጎቴ። የድሮ የግመል መንገድ እንኳ ይታያል ይላሉ። ፈቃዱን ባወጣሁ ቀን መጀመሪያ ይዤ የምወጣው እርስዎን ነው።»

አጎቴ በስተቀኛቸው ያለውን ትራስ መታ መታ አደረጉ። «ወዲህ ና» አሉት።

ዳሪ ተነሣ። በራክ አንድ ቦታ ወደ ታች ወረደ። ፊቱ አልተለወጠም።

ከዚያ ማታ ጀምሮ የዲዋንያው ወሬ አገር መምረጥ ሆነ። እዚህ አቧራውና ሙቀቱ የተማሪውን ቀን ይበላዋል፣ ወጣ ብለህ ጨርሰህ ና ብለው የመከሩት ብዙ ናቸው። ዳሪ ሦስት ትምህርት ቤቶች ይዞ መጣ፤ አንዱ ደቡብ አፍሪካ፣ አንዱ ዮርዳኖስ፣ አንዱ በግሪክ አንዲት ደሴት ላይ።

ደቡብ አፍሪካን አቡ ናስር በአንድ ማታ ገደሉት።

«ሰማዩ ሰፊ ነው፣ አቡ ናስር። ደመናም ትንሽ ነው» አለ ዳሪ።

«ሰማይ የትም ሰፊ ነው፣ ልጄ። እናትህ ብትታመም ስንት ሰዓት በረህ ነው የምትደርሰው?»

«እናቴ ደኅና ናት።»

«አሁን ደኅና ናት። አንተ አውሮፕላን ላይ ስትወጣ ነው የምትታመመው። እናቶችን እኔ አላውቃቸውም እንዴ!»

የዳሪ እናት ላጢፋ ከባሏ ሞት ጀምሮ የምትኖረው በአጎቴ ግቢ፣ በኋለኛው ቤት ነው። ዳሪ ያደገውም እዚያው ነው። ስሟ ሲነሣ ዳሪ ክርክር አይወድም፤ ደቡብ አፍሪካን ተወው።

ልቡ ያለው ዮርዳኖስ ላይ ነበር። ቋንቋው አንድ ነው፣ ቅርብ ነው፣ ላጢፋም ለዒድ ልትጠይቀው ትችላለች። የትምህርት ቤቱ ሰዎችም ሲጽፉለት መልካም ሰዎች ይመስላሉ። አንድ ማታ ከእነሱ መልእክት ሲመጣ በራክ ስልኩን ተቀብሎ ለአጎቴ ጮክ ብሎ አነበበላቸው። ከትራሱ ከወረደ ወዲህ በራክ ተለውጦ ነበር። መቀለዱን ትቶ ዳሪን ይረዳው ጀመር፤ ይጠይቅለታል፣ ዋጋ ያወዳድርለታል። አጎቴም ደስ ብሏቸው ነበር።

«ከመመዝገብህ በፊት የበረራ ሐኪም ይይህ፤ ልብ፣ ጆሮ፣ ዐይን። እዚያው ኩዌት መታየት ትችላለህ። ወረቀቱን ላክልንና ቦታ እንይዝልሃለን» ይላል መልእክቱ።

በራክ ስልኩን ዝቅ አደረገ። «ሰማህ አባቴ? እንደ ግመል አፉን ከፍተው ጥርሱን ሊያዩ ነው፤ ገና ሳይገዙት።»

«ምነው፣ በሽተኛ መሰላቸው?» አሉ አጎቴ።

«ደንብ ነው፣ አጎቴ። የትም አለ» አለ ዳሪ።

«የትም ካለ ግሪኮቹ ለምን አልጠየቁም?» አለ በራክ። «ምን ብለው ነው የጻፉልህ? ና፣ ሐኪሙ እዚሁ አለ፣ ከመጣህ በኋላ ያይሃል። አላሉም?»

«ብለዋል።»

«አየህ? እንግዳ መጀመሪያ ይገባል፣ ይቀመጣል፤ ከዚያ ነው ስሙ የሚጠየቅ። እነዚህ የእኛን ወግ የሚያውቁ ሰዎች ናቸው። የሁሙድ ወንድም ልጅ በር ላይ ቆሞ ይመረመራል?»

አቡ ናስር ጣልቃ ገቡ። «ግሪክ እኔ ሄጃለሁ። ዓሣ ነው፣ ዓሣ ነው፣ ከዚያ ደግሞ ዓሣ ነው።»

«ልበላ አይደለም የምሄደው፣ አቡ ናስር።»

«ያልበላ አብራሪ ይወድቃል።»

ሳቁ በረድ ሲል ዳሪ፣ «ለማንኛውም ሳልሄድ እዚሁ ሐኪም ዘንድ ልግባ፣ አውቄው ልሂድ» አለ።

በራክ እጁን ትከሻው ላይ ጣለ። «ምን ያደርግልሃል? ወጣት ነህ፣ ልብህ የበሬ ነው። ዐይንህን እንደሆነ መንጃ ፈቃድ ስታወጣ እኔው ራሴ ወስጄ አስመርምሬሃለሁ። አንድ ነገር ተባልክ?»

«አልተባልኩም።»

«ታዲያ!»

ነገሩ እውነት ነበር። አጎቴ ወደ ዳሪ ዞረው፣ «ግሪክ ይሁን» አሉ። ዳሪም ግሪክ ይሁን አለ።

ከመሄዱ በፊት በነበረው ሐሙስ አጎቴ በግ አሳረዱ። የጎረቤት ዲዋንያ ሰዎች ሁሉ ተጠሩ። ሩዙ በትልልቁ ሰሐን ተቆልሎ፣ ሥጋው ከላይ ተጋድሞ ሲቀርብ አጎቴ በትራቸውን ተደግፈው ተነሡ። እንዲህ ዓይነት ነገር አይወዱም፤ ግን ተነሡ።

«ዳሪ የአባቴን መቃብር ሊያገኝልኝ ነው የሚሄደው» አሉ። «ተመልሶ ሲመጣ እኔና እሱ እንወጣለን።»

ሰው ሁሉ አላህ ያሳካው አለ። በእኛ ዘንድ እንዲህ በሕዝብ ፊት፣ ሥጋ ተቆርሶ የተነገረ ቃል አይታጠፍም። ዳሪ አንገቱን ደፍቶ ነበር፤ ጆሮው ግን በደስታ ቀልቶ ይታይ ነበር። በራክ ለስላሳውን ሥጋ በእጁ እየቆረሰ ዳሪ ፊት ያስቀምጥለት ነበር። «ብላ ካፒቴን፣ እዚያ ዓሣ ነው» ይለዋል።

አውሮፕላን ማረፊያ ያደረስነው በራክና እኔ ነን። ጋሪ ላይ የዳሪ ቀይ ሻንጣ ነበር፤ አጠገቡ የማናውቀው ሰው አረንጓዴ ሻንጣ ቆሟል፤ መጠናቸው አንድ ነው። በራክ፣ «ካፒቴን፣ ቀዩን አንሣው» አለ። ዳሪ አረንጓዴውን አነሣ። ባለቤቱ ጮኸ። በራክ ሰውየውን ይቅርታ ጠየቀና፣ «መንገደኛ ነው፣ ደንግጦ ነው» አለው። ዳሪም በራሱ ሳቀ። ተቃቀፉ። ስንመለስ በራክ መኪና ውስጥ ብቻውን ያፏጭ ነበር።

ዳሪ ከሄደ በኋላ ትራሱ ባዶ ሆነ። አጎቴ ማንንም አላስቀመጡበትም። በራክም አልጠየቀም።

በሁለተኛው ሳምንት፣ እሑድ ማታ፣ ሻይ እየጠጣን የአጎቴ ስልክ ጠራ። በራክ አንሥቶ፣ እንደ ሁልጊዜው ድምፁን ለሁሉም እንዲሰማ አድርጎ፣ አጎቴ ፊት ትሪው ላይ አስቀመጠው።

«አጎቴ! በረርኩ!» አለ ዳሪ። «ትናንት! መሪውን ለእኔ ለቀቀልኝ፣ አስተማሪው። ባሕሩ ላይ ዞርን። እጅህ ለስላሳ ነው አለኝ።»

አጎቴ ፈገግ አሉ። «አልሐምዱሊላህ። ከላይ ይለያል?»

«ይለያል፣ አጎቴ! የፍየል መንገድ ሳይቀር አየሁ።»

«ሐኪሙስ?» አለ በራክ።

«አየኝ፤ ጤነኛ ነህ አለኝ። አንዲት ነገር ብቻ አለች፤ ለበረራው ችግር የለውም። ቀይና አረንጓዴ አይለይልህም ብሎኛል። ከልጅነቴ የነበረ ነው አለ። እኔ አላውቀውም ነበር። ስለዚህ ፈቃዱ ለቀን ብቻ ነው፤ ማታ አልበርም። እኛ መቃብሩን የምንፈልገው በቀን ነው።»

ይህን ሁሉ የተናገረው በደስታ ነው። ትንሽ ነገር መስሎት ነበር።

«ምን አለ?» አሉ አጎቴ።

በራክ ወደ ጆሯቸው ጠጋ አለ። «ዐይኑ ቀለም አያይም ይላል፣ አባቴ። ቀይና አረንጓዴ ለእሱ አንድ ነው።»

«እንደዚያ አይደለም» አለ ዳሪ። «አጎቴ፣ እንደዚያ አይደለም። ይፈቀዳል፣ በቀን ይፈቀዳል!»

«ካፒቴን፣ ከማረፊያው ማማ አትረፍ ብለው ቀይ መብራት ቢያበሩብህስ?»

«ሬዲዮ አለ።»

«ሬዲዮው ቢሞትስ?»

«በራክ፣ ስለዚህ ሁሉ ተነጋግረናል፣ አስተማሪው—»

«ሬዲዮው ቢሞት አባቴን ይዘህ የት ልታርፍ ነው? አንድ መቃብር ስንፈልግ ሁለተኛ ልትጨምርልን ነው?»

አቡ ናስር በሳቅ ሻዩ ትን አላቸው። የሚስቁት ክፉ ስለሆኑ አይደለም፤ ቀልድ ሲያልፋቸው አይወዱም።

አጎቴ አልሳቁም። ስልኩን ያዩት ነበር። «በሕዝብ ፊት ነው የተናገርኩት» አሉ፣ ለማንም ሳይሆን። ከዚያ ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ። «ተመለስ።»

«አጎቴ፣ አንድ ወር ብቻ ይስጡኝ። ጨርሼ ልምጣ፤ እርስዎ ባይወጡም—»

«ተመለስ አልኩህ።»

«አጎቴ፣ ጥሩ ነህ ብለውኛል—»

በራክ እጁን ዘርግቶ ስልኩን ዘጋው።

«ይመለሳል» አለ። «እናቱ እዚህ ናት።»

አቡ ናስር አፋቸውን ጠረጉና፣ «መንጃ ፈቃድ ሲያወጣ ዐይኑን አይተውት የለም እንዴ?» አሉ።

«የት አዩት!» አለ በራክ። እየሳቀ ነበር፤ ጥሩ ወሬ ያለው ሰው እንደሚስቅ። «ክሊኒኩ ውስጥ የሚሠራው ጓደኛዬ ነው። ዳሪን ሳያየው በፊት፣ ይሄ የእኛ ልጅ ነው አልኩት፣ ማህተሙን አሳረፈ። በኋላ ለወጉ ያህል፣ በቀለም ነጠብጣብ መሐል ቁጥር የተደበቀበትን ሥዕል አሳየው። ዳሪ ወጣ ሲል ሰውየው ጠራኝና፣ የአጎትህ ልጅ አንዱንም ቁጥር አላነበበውም አለኝ።»

«ለልጁ ነገርከው?»

«ምን ብዬ? ዘመዴ ነው፣ ላስጥለው?»

አቡ ናስር ዐይናቸው ፈጠጠ። «ባለፈው ከሆስፒታል ያመጣኝ እሱ አይደለም? በዚያ ሁሉ መብራት?»

«ደርሰዋል አይደል?» አለ በራክ። በዚህ ጊዜ ከእኔ በቀር ሁሉም ሳቀ፤ አጎቴም ጭምር፣ ጥቂት። ዘመድን ማሻገር ነውር አይደለም፤ ማንም ያደርገዋል። በራክ ያንን እያወቀ ዮርዳኖስን ለምን እንዳጣጣለ የጠየቀ ሰው አልነበረም። ዮርዳኖስ ቢሆን ሳይሄድ እዚሁ ተመርምሮ ወረቀቱን ዳሪ ብቻውን ያነበው ነበር፤ በግም አይታረድም፣ ቃልም አይነገርም፤ በቀን የሚበር ሰው ሆኖ በጸጥታ ይመለስ ነበር።

ሳቁ ሲያልቅ አጎቴ መቁጠሪያቸውን አነሡ። በስተቀኛቸው ያለውን ትራስ መታ መታ አደረጉ።

«በራክ፣ ወዲህ ና» አሉ።

ዳሪ ቅዳሜ ተመለሰ። በሚቀጥለው ማታ ወደ ዲዋንያው ገብቶ ሰላምታ ሰጠና የቀድሞ ቦታው ሳይደርስ እኔ አጠገብ፣ ጫማው ዘንድ ተቀመጠ። ወዲህ ና ያለው የለም።

ብርዱ ሲገባ አጎቴ መቃብሩን እንደገና በመኪና ለመፈለግ ተነሡ። በራክ ወገቡን እንዳመመው ተናገረና ዳሪ እንዲነዳ ተደረገ። አጎቴ ከኋላ፣ በራክ ከፊት ተቀመጡ፤ እኔ ከአጎቴ ጎን ነበርኩ። ከከተማው እስክንወጣ በየመስቀለኛው መንገድ በራክ፣ «ካፒቴን፣ ቀይ ነው» እያለ ይነግረው ነበር፤ ዳሪም እሺ እያለ ያቆም ነበር። ቀኑን ሙሉ ዞርን። መቃብሩን አላገኘነውም።