ያልነበረችው ሴት

የከተማ አውቶቡስ ሹፌሩ ሃምሳ አራት ዓመት በሞላው ሰሞን ብልቱ ሲቆም ያመው ጀመር። ትንሽ ቆይቶ ከቆዳው ሥር እንደ ባቄላ የጠጠረ ነገር በጣቱ አገኘ። በሁለት ወር ውስጥ ደግሞ ብልቱ ወደ ላይ ጎበጠ።

ለማንም አልተናገረም፤ ሆድ ይፍጀው ብሎ ተወው። ጠዋት ጠዋት አውቶቡሱን ያስነሳል፣ መስተዋቱን ያስተካክላል፣ በር ይከፍታል፣ በር ይዘጋል። ሰውነቱ ባለቤቱ መጥቶ ያልወሰደው የአደራ ዕቃ ይመስለው ነበር።

ቤት ውስጥ ግን ሚስት አለች። የሒሳብ አስተማሪ ናት፤ ሃያ ስድስት ዓመት አብረው ኖረዋል። ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ መተኛት ከጀመረ ስምንት ወር ሲሆነው፣ እሑድ ረፋዱ ላይ ልብስ ስታጥፍ ቆይታ እጇን ገታች።

«ሌላ ሴት አለች?»

የለችም ቢላት ምክንያቱን መናገር ሊኖርበት ነው።

«አለች» አላት።

አልጮኸችም። የራሷን ልብስ ለይታ ሻንጣ ውስጥ ከተተችና እህቷ ዘንድ ሄደች። እሱ የቀረውን አጥፎ ጨረሰ። ለማልቀስ ሞከረ፤ እንባው እምቢ አለ። ሰኞ እንደ ወትሮው ሥራ ገባ።

በሦስተኛው ሳምንት ሚስቱ መነሻ ፌርማታው ድረስ መጣች። አውቶቡሱ ባዶ ነበር። ከኋላው ያለው ወንበር ላይ ተቀመጠች።

«ስሟን ንገረኝና ይውጣልኝ።»

ስም ፈለገ። ውሸት ስላልለመደበት አንድም የሴት ስም አልመጣለትም።

«የለችም» አለ።

«ታዲያ ምን ሆነህ ነው?»

መሪውን እያየ ነገራት፤ ሕመሙንም፣ ጉብጠቱንም፣ ሁሉንም። ድምፁ የሌላ ሰው ጉዳይ የሚያወራ ነበር የሚመስለው። ሚስቱ እስኪጨርስ ጠበቀችው።

«አንተ ሰውዬ! ከሐኪም ይልቅ ውሽማ ቀለለችህ?»

በማግስቱ ሐኪም ቤት አብራው ሄደች። ሐኪሟ የልጃቸው እኩያ ብትሆን ነው። ሹፌሩ ጣሪያው ላይ የተሰነጠቀውን ኖራ እያየ ተመረመረ። ልብሱን ሲያስተካክል፣

«እጅዎን ደግሞ ያሳዩኝ» አለችው።

ከቀለበት ጣቱ በታች መዳፉ ውስጥ እንደ ገመድ የጠነከረ ነገር ነበር። መሪ የመጨበጥ ጣጣ ይመስለው ነበር።

«ከቤተሰብ እንዲህ ያለው አለ?»

«የአባቴ ሁለት ጣቶች አይዘረጉም ነበር።»

«የእጅዎና የብልትዎ ሕመም ዝምድና አላቸው። ካንሰር አይደለም፤ ከሰው የሚጋባም አይደለም። ብልት ውስጥ ያለው ሽፋን ላይ ጠባሳ ተፈጥሯል። ሲቆም ሌላው ወገን ይለጠጣል፣ ጠባሳው አይለጠጥም፤ ስለዚህ ወደዚያው ይጎብጣል።»

«በቀዶ ጥገና ይቃናል?» አለች ሚስቱ።

«ጉብጠቱ መቀየሩን ካቆመና ወራት ካለፉት ይቻላል። ግን ትንሽ ያሳጥራል።»

«ከዚህ ወዲያ ምኑ ያጥራል?» አለ ሹፌሩ።

ሚስቱ በክርኗ ጎሸመችው። ሐኪሟ ሳቋን ዋጥ አድርጋ ብልቱን ቀስ እያለ የሚስብ መሣሪያ አዘዘችለት፤ በየቀኑ፣ ለስድስት ወር። ወሬ ሰምቶ ከየመንደሩ ቅባት እንዳይገዛም አስጠነቀቀችው።

ሚስቱ ሻንጣዋን ይዛ ተመለሰች፤ የምትተኛው ግን ልጃቸው ስታገባ በተወችው ክፍል ነበር። እሱ ከሥራ መልስ መሣሪያውን አድርጎ በፎጣ ተሸፍኖ ይቀመጣል፤ እሷ ፊት ለፊቱ የተማሪዎቿን ደብተር ታርማለች። አንድ ቀን ቀና ሳትል ተናገረች።

«ጉብጠቱ አይደለም ያመመኝ። ሌላ ሴት አለች ስትለኝ ፊትህ አልተለወጠም።»

ይቅርታ አላት። እሷም ወደ ደብተሩ ተመለሰች።

በስድስተኛው ወር ሐኪሟ ለካችው። ጉብጠቱ በአንድ ሦስተኛ ቀንሷል፤ ሕመሙም የለም። ቀዶ ጥገናው ይቅርብኝ አለ። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሚስቱ ትራሷን ይዛ ወደ መኝታ ቤታቸው ገባች። በጎን ሆነው ሞከሩት፤ ተቻለ። ደስታ ይመጣል ብሎ ጠበቀ፤ የመጣው እፎይታ ብቻ ነበር፣ እሱም ትንሽ። እሷ ስለ ሰኞው ፈተና ታወራለታለች፤ እሱም ፊቱን ወደ እሷ አዙሮ ይሰማል።