ዘርዓብሩክ በዐይኑ ዓ

አፍንጮ በር ካለው ትምህርት ቤት የአንደኛ ክፍል ልጆች ዓርብ ዓርብ አንድ ወረቀት ይዘው ወደ ቤት ይመጣሉ። በሳምንቱ የተማሩት ከላይ ተዘርዝሯል፤ መሃሉ ላይ የቤት ሥራው አለ፤ ከታች ደግሞ «ቤተሰብ አንብቦ ይፈርም» የሚል መስመር ተሰምሯል። ሰኞ ጠዋት ወረቀቱን ሳያስፈርም የመጣ ልጅ ክፍል በር ላይ ይቆማል።

የዚያ ሳምንት የቤት ሥራ ቀላል ነበር። ስማችሁን በጥሩ የእጅ ጽሑፍ አምስት ጊዜ ጻፉ ይላል። ሰባት ዓመት የሞላው ዘርዓብሩክ ቅዳሜ ከሰዓት ጠረጴዛው ላይ ተደፍቶ ጻፈ። ስሙ ረጅም ስለሆነ መስመሩ እያለቀበት ሁለት ጊዜ አጠፋ፤ በላጲስ ብዛት ወረቀቱ ሊቀደድ ደረሰ። አባቱ ፍስሃ አጠገቡ ቢቀመጥም አንድም ፊደል አልነገረውም። ልጁ ሲጨርስ ግን ወረቀቱን ወደ መስኮቱ አስጠግቶ አየው። ዓ አምስቱም ቦታ ላይ ከነክቧ ከነእግሯ ተቀምጣለች። ደስ ብሎት ፈረመ።

ፍስሃ ፊደልን ዝም ብሎ አይቶ የሚያልፍ ሰው አይደለም። እንጀራው ማኅተምና ቲተር መቅረጽ ነው። ሱቁ ድሮ ፒያሳ ነበር፤ ሰፈሩ ሲፈርስ ወደ ራስ መኮንን ድልድይ ወርዶ ከአንድ ጫማ ነጋዴ ጋር ጠባብ ክፍል ተጋርቷል። በእሱ ሥራ አንድ ፊደል ከተሳሳተ ጎማው ይጣላል፤ ደንበኛውም ዳግመኛ አይመጣም። የልጁ የልደት ምስክር ወረቀት በወጣ ጊዜም ወረዳው ውስጥ ከጸሐፊዋ ጎን ቆሞ «በዐይኑ ዓ ነው፣ በአልፋው አይደለም» እያለ ነበር ያስጻፈው። ስሙን ለልጁ ያወጡለት የፍስሃ እናት ወይዘሮ ዓለምጸሃይ ናቸው። ከአድዋ አካባቢ ከመጡ አርባ ዓመት ቢያልፋቸውም ቤት ውስጥ የሚያወሩት በትግርኛ ነው። በትግርኛ ደግሞ ዓ ከአ ጋር አንድ አይደለችም፤ ከጉሮሮ ተጎትታ ነው የምትወጣው።

ወረቀቱ ማክሰኞ ተመልሶ መጣ። አምስቱም ስም ላይ ቀይ ኤክስ ተሠርቷል። ከጎኑ ዜሮ ከአምስት ይላል። ከላይ በመምህርቷ እጅ «ዘርአብሩክ» ተብሎ ተጽፎ፣ ከሥሩ «ቤተሰብ ልጁን ስሙን በትክክል ያስጠናው» የሚል ተጨምሮበታል።

ፍስሃ መጀመሪያ ሳቀ። ለባለቤቱ ለዊንታ አሳያት። ዊንታ ፋርማሲ ውስጥ የምትሠራ፣ የሐኪም ጽሑፍ ስትፈታ የምትውል ሴት ናትና ስህተት ብዙም አይደንቃትም። ስልሳ ልጅ የምታርም መምህርት ደክሟት ይሆናል አለችው። እሱም እንዲሁ መሰለው። በወረቀቱ ጀርባ የልጃቸው ስም በዐይኑ ዓ እንደሚጻፍ፣ የልደት ምስክር ወረቀቱም ላይ እንደዚያው እንደሆነ በትሕትና ገልጾ፣ አመስግኖ ላከ።

መልስ አልመጣም። ዓርብ ማታ ግን ወረቀቱን ሊፈርም የልጁን ቦርሳ ሲከፍት አንድ የደብተር ገጽ አገኘ። ዘርአብሩክ፣ ዘርአብሩክ፣ ዘርአብሩክ እያለ ይወርዳል። ቆጠረው፤ ሃያ ነው። ልጁን ጠርቶ ሲጠይቀው፣ ቲቸር በዕረፍት ሰዓት ክፍል ውስጥ አስቀምጣ እንዳስጻፈችው ነገረው። ለምን እንዳልነገራቸው ሲጠየቅ ገጹን ተቀብሎ ወደ ቦርሳው መለሰው።

ዋናውን ነገር ያወጡት ወይዘሮ ዓለምጸሃይ ናቸው። ልጁን በየቀኑ ከትምህርት ቤት የሚያመጡት እሳቸው ናቸው። ያን ዕለትም እንደ ልማዳቸው በሩ ላይ ቆመው «ዘርዓብሩክ፣ ንዓ ወደይ» ብለው፣ ና ልጄ ማለታቸው ነው፣ ሲጠሩት እንዳልሰማ ሆኖ በፊታቸው አለፈ። ታክሲ መቆሚያው ጋ ደርሰው ነው የያዙት። እዚያም ዓይናቸውን ሳያይ «ዓባየ፣ ሁለተኛ በር ላይ አትጥሪኝ» አላቸው። ቀስ አድርገው ምክንያቱን አወጣጡት።

ነገሩ እንዲህ ነበር። መምህርቷ ልጆቹን ተራ በተራ እያስነሳች ግድግዳው ላይ ካለው የፊደል ገበታ ታስነብባለች። የዘርዓብሩክ ተራ ሲደርስ ጣቷ ዓ ላይ አረፈ። ልጁ ቤት እንደሚሰማው አድርጎ ከጉሮሮው አወጣት። ክፍሉ ሳቀ። መምህርቷም ሳቀችና «ምነው፣ አጥንት ወጋህ እንዴ?» አለችው። ከዚያች ቀን ጀምሮ ልጆቹ ስሙን አይጠሩትም። አጥንት ነው የሚሉት።

ፍስሃ ይህን ሲሰማ ከወንበሩ ተነሳ። የት ሊሄድ እንደሆነ ግን ራሱም አላወቀም፤ ትምህርት ቤቱ ከተዘጋ ቆይቷል። ዊንታ ክንዱን ይዛ አስቀመጠችው።

«ተወው ፍስሃ» አለችው ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «በፊደል ሰበብ ልጁን ዓይን ውስጥ አታስገባው። ጊዜውን ታውቀዋለህ።»

«ስሙን ቀይረው፣ ስሙን በመጻፉ ቀጥተው፣ በአያቱ አፍ ስቀው፣ እኔ ልተወው?»

ያኔ ወይዘሮ ዓለምጸሃይ ከተቀመጡበት ቀና አሉ። «አንተስ ታክሲ ውስጥ ስልክ አንስቼ በትግርኛ ሳወራ ክንዴን ትነካኝ የለም? ቀስ በይ ትለኝ የለም?» አሉት። ወቀሳ አልነበረውም አነጋገራቸው፤ ያለውን ነገር ነው የተናገሩት።

እውነት ነው፤ ይነካቸዋል። ፍስሃ ስንት ዓመት እንዲህ እንዳደረገ ሊያስታውስ ሞከረ። ንዴቱ አልበረደለትም፤ እንዲያውም አሁን የሚናደድበት ሰው አንድ ጨመረ።

ሰኞ ሱቁን ዘግቶ የልደት ምስክር ወረቀቱን ይዞ ሄደ። መጀመሪያ የተላከው የተማሪዎች መዝገብ ወደሚያዝበት ቢሮ ነው። እዚያ የሚሠራው አባይነህ የሚባል ሰው ኮምፒውተሩን ከፍቶ አሳየው። ዘርአብሩክ ይላል። አባይነህ የሚያስገርም ነገር አልታየውም። ሞክሼ ፊደላት እንደሆኑ፣ ሁሉንም በአ እንደሚያስገቧቸው፣ ሲፈለጉ ቶሎ እንዲገኙ መሆኑን አስረዳው። ይቀየር ከተባለ ሁለቱ ስሞች የአንድ ልጅ መሆናቸውን የሚገልጽ ደብዳቤ ከወረዳ መምጣት አለበት።

«እኔ የቀየርኩት ስም የለም» አለ ፍስሃ። «የቀየራችሁት እናንተ ናችሁ። እናንተ ለቀየራችሁት እኔ ነኝ ማስረጃ የማመጣው?»

አባይነህ አሠራሩ እንደዚያ ነው አለ።

በዕረፍት ሰዓት መምህርቷን አገኛት። እንቁ ትባላለች። ገና ወጣት ናት፤ ከመጮኽ ብዛት ድምፅዋ ሰልሏል። ስልሳ ሁለት ልጅ እንደምታስተምር ነገረችው። ያረመችው ከቢሮ በተሰጣት ዝርዝር መሠረት መሆኑን፣ ስም ከዝርዝሩ ጋር ካልተመሳሰለ የምትጠየቀው እሷ መሆኗን አስረዳችው። ፍስሃ የልደት ምስክር ወረቀቱን ሲዘረጋላት ረጅም ጊዜ አየችው፤ ግን ዝርዝሩ ካልተለወጠ ምንም ማድረግ እንደማትችል ነገረችው። በንግግሯ መሃል ሦስት ጊዜ በአልፋው አ «የዘርአብሩክ አባት» ብላ ጠራችው። ሦስቱንም ቆጠራቸው።

ርዕሰ መምህሩ ቢሮ የገባው ከሰዓት በኋላ ነው። ርዕሰ መምህሩ ወረቀቱን ገልበጥ ገልበጥ አድርገው አዩና ለአንድ ፊደል ሥራ ፈትቶ መምጣቱ እንዳሳዘናቸው ነገሩት።

«አንድ ፊደል ብቻ ከሆነች ለምን አታስተካክሏትም?» አላቸው። «እኔ ማኅተም ቀራጭ ነኝ። የዚህ ትምህርት ቤት ስም አንድ ፊደል ተሳስቶ ቢቀረጽ ይቀበሉኛል? አይቀበሉኝም። መልሰው ፊቴ ላይ ነው የሚወረውሩት። የልጄ ስም ከጎማ ያንሳል?»

ርዕሰ መምህሩ ለአባይነህ የሚሆን ማስታወሻ ጻፉለት። ማስታወሻው ይበቃል ብሎ ነበር፤ አልበቃም። አባይነህ አንድ ቀን ስብሰባ ላይ ነበር፤ ሌላ ቀን መብራት ጠፋ፤ ሌላ ቀን ሲስተሙ እምቢ አለ። ፍስሃ አራት ጊዜ ተመላለሰ። በአራተኛው ቀን ከአባይነህ ጀርባ ቆሞ አ ጠፍታ ዓ ስትገባ በዓይኑ አየ።

ዓርብ የመጣው የሳምንቱ ወረቀት ላይ በመምህርቷ እጅ «ዘርዓብሩክ» ተብሎ ተጽፏል። ዊንታ እፎይ አለች። ፍስሃ ልጁን ጠርቶ አሳየው፣ ደስ እንዲለው ብሎ። ልጁ አየና እሺ አለ። ከዚያ የቤት ሥራውን ሊሠራ ተቀመጠ፤ ከላይ ስም ከሚለው ፊት ለፊት ዘርአብሩክ ብሎ ጻፈ።

«ምነው? ተስተካከለ እኮ» አለው ፍስሃ።

«ቤት ውስጥ በዚያኛው እጽፋለሁ። ለክፍል ግን ይኼኛው ይሻለኛል። አጥንት አይሉኝም።»

ፍስሃ ያን ጊዜ ነው የሠራውን ያወቀው። ሦስት ሳምንት ሙሉ ከኮምፒውተር ጋር ሲታገል ከርሞ፣ ልጁ ላይ የደረሰውን ነገር ማንንም አልጠየቀም። ለርዕሰ መምህሩ እንኳ አላነሳውም። ደፍሮ ያላነሳው ለምን እንደሆነም አውቆታል፤ ዊንታ ጊዜውን ታውቀዋለህ ስትለው እሱም ልቡ ፈርቶ ነበር።

ሰኞ ከሰዓት ልጆች ሲለቀቁ ከእናቱ ጋር በሩ ላይ ቆመ። እንቁ ልጆቹን አሰልፋ ስታወጣ ጠጋ አላት። ፊደሉ ስለተስተካከለ አመሰገናት። ቀጥሎ ልጆቹ ልጁን ምን ብለው እንደሚጠሩት ታውቅ እንደሆነ ጠየቃት።

«ፊደሉን አስተካክያለሁ፣ አቶ ፍስሃ» አለች። «ልጆች ለሳቁት ግን ምን ላድርግ? ልጆች ናቸው።»

«ልጆቹ እርስዎን አይተው ነው የሳቁት። አጥንት ወጋህ ያሉት እርስዎ ነዎት።»

ለጨዋታ ያለችው እንደሆነ ነገረችው። ክፍሉ ደብሮት ነበር፣ ለማነቃቃት ነው አለች።

«እኔም አራዳ ተወልጄ ያደግኩ ነኝ፤ ጨዋታ አልጠላም» አለ ፍስሃ። ድምፁ ከፍ እያለ መጣ፤ ልጅ ሊወስዱ የመጡ ወላጆች ዞር ዞር አሉ። «ግን በሰባት ዓመት ልጅ አፍ አይጫወቱም። ልጄ አያቱ ሲጠሩት እንዳልሰማ ሆኖ ያልፋል። እነሆ ቆመዋል፣ ይጠይቋቸው። ልጄ የተናገራት ዓ ስህተት አይደለችም። ያቺ የአያቱ አፍ ናት። እርስዎ ሊያስተምሩት ነው የላክሁት፣ ቤቱን እንዲያፍርበት አልላክሁትም።»

እንቁ ፊቷ ቀላ። ወይዘሮ ዓለምጸሃይን አየች፤ ከአንገቷ ሰበር ብላ እጅ ነሳቻቸውና ወደ ውስጥ ገባች። የፍስሃ ልብ ግን ቀለል አላለም፤ የልጁን ቦርሳ ተቀብሎ ሦስቱም ወደ ቤት ሄዱ።

የሆነውን ዘርዓብሩክ የተናገረው በማግስቱ ራት ላይ ነው፤ ያውም ሳይጠየቅ፣ ጎርሶ እያለ። ቲቸር ጠዋት ገበታው ፊት ቆማ «ባለፈው በዘርዓብሩክ ስቄ ነበር፤ ትክክል አልነበርኩም» ብላለች። ቀጥሎ ዓ በሌላ ቋንቋ እንዴት እንደምትነበብ አሳየን ብላ አስነሳችው። አነበበ። ሁለት ልጆች ሳቁ፣ ዝም በሉ ተባሉ። ከዚያ ከኋላ ወንበር ዐፊፋ የምትባል ልጅ እጇን አውጥታ፣ የእኔም ስም በዐይኑ ዐ ነው፣ ቁርዓን ቤት እንደዚህ ነው የምንለው ብላ ከጉሮሮዋ አውጥታ አሰማች።

«ከእኔ የበለጠ ነው የምትጎትታት» አለ ልጁ።

ሐሙስ ጠዋት አንዲት ሴት የፍስሃ ሱቅ መጣች። ረይሀና እንደምትባል፣ የዐፊፋ እናት እንደሆነች፣ ከድልድዩ ወዲያ መጋረጃ እንደምትሸጥ ነገረችው። በሩ ላይ ሲናገር ከሰሙት ወላጆች አንዷ ናት። የልጇም ስም መስከረም ላይ በወረቀቱ አፊፋ ተብሎ ሲመጣ አይታ ያው ነው ስላሏት ዝም ብላ ነበር። ዝም ማለቷ አሁን እንዳናደዳት ነገረችው። የልደት ምስክር ወረቀቱን ከቦርሳዋ አወጣች።

አብረው ሄዱ። አባይነህ ሁለቱን ጎን ለጎን ሲያያቸው ገና ከበሩ ዛሬ ሲስተሙ አይሠራም አለ።

«እስኪሠራ እንቀመጣለን» አለችው ረይሀና፣ አግዳሚው ላይ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ እየተቀመጠች። ፍስሃም አጠገቧ ተቀመጠ። ሁለቱም ሱቃቸውን ዘግተው መጥተዋል፤ አልተንቀሳቀሱም። ሲስተሙ ዐሥር ሰዓት አካባቢ ሠራ።

ዘርዓብሩክ ስሙን አሁን በዓ ይጽፋል። አጥንት የሚለው ቀርቷል፤ አንድ ሁለት ልጅ አልፎ አልፎ ቢለውም እንደበፊቱ አይደለም። አያቱ በር ላይ ሲጠሩት ግን ከመዞሩ በፊት አሁንም ግራ ቀኙን ያያል፣ ማን እንደሰማ ለማወቅ። አንድ ሰከንድ እንኳ አይሞላም። ፍስሃ ያቺን ቅጽበት ባየ ቁጥር ደሙ ይፈላል።