የተከረከመው የጸሎት መጽሐፍ

እጄን በቆረጠው! መጽሐፍ ጠራዥ ነኝ። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የሰው መጽሐፍ ስሰፋና ስለብጥ ቅሬታ ሰምቼ አላውቅም፤ ሊያሰማ የመጣም ካለ አፌ አያስጨርሰውም። ታዲያ ከሰው ሁሉ መርጬ ያበላሸሁት የማንን መጽሐፍ መሰላችሁ? የገዛ እናቴን።

መጽሐፉ የአባዬ የጸሎት መጽሐፍ ነው። አባዬ ካረፈ አራት ዓመቱ። ሰዓት ጠጋኝ ነበር፤ ቀኑን ሙሉ አጉሊ መነጽሩን ዓይኑ ላይ ሰክቶ ትንፋሹን ውጦ ይሠራል፣ ቤት ሲገባም ቃል ከአፉ በወረንጦ ነው የሚለቀመው። እሱ ከሄደ ወዲህ እማዬ ከሰዓት በኋላ ሥራዋን ትጨርስና መስኮቱ ሥር ተቀምጣ ያንን መጽሐፍ ታነባለች። ድምፅ የለም፣ ከንፈሯ ብቻ ይንቀሳቀሳል። አንዳንዴ ብቻዋን ፈገግ ትላለች። እኔ ጸሎቱ ነው የሚያስደስታት ብዬ ዝም እላለሁ። ዝም እላለሁ ስል እንግዲህ፣ ለኔ በሚሆን መጠን።

ባለፈው ወር ስፌቱ ተበጥሶ ገጾቹ መውደቅ ጀመሩ። እማዬም በነጭ ጨርቅ ጠቅልላ ሰጠችኝ።

«ስፌቱን ብቻ አጥብቂልኝ። ሌላ ነገር እንዳትነኪ» አለችኝ።

እሺ አልኳት። ግን ላስደስታት አስቤያለሁ፣ ሙያ በልብ ነው። አዲስ ስፌት ሰፋሁለት፣ ለስላሳ ጥቁር ቆዳ አለበስኩት። የገጾቹ ዳር ግን ተበልቶ ተበልቶ ተንጨፍርሯል፣ ጠቁሯል። የተበላ ዳር ሳይ ደግሞ እጄን ይበላኛል! መከርከሚያው ማሽን ላይ አስተካክዬ ከስፌቱ በቀር ሦስቱንም ዳር ጣት የሚያህል ቆረጥኩለት። የጠራዥ ዓይን ፊደል አያነብም፤ እኛ የምናየው ስፌት፣ ሙጫና ዳር ነው። ዳሩ ላይ የእርሳስ ጭረት አይቻለሁ። እድፍ መሰለኝ። እግዜር ያሳያችሁ፣ የአባቴን እጅ ጽሑፍ እድፍ አልኩት!

በማግስቱ ልጠቀልለው ስል ገለጥ አደረግኩት። ስለ ትዕግሥት የሚጸለየው ጸሎት አጠገብ፣ አባዬ የሰዓት ቁጥር በሚጽፍበት ጥቃቅን ፊደሉ «ስለ ሾርባው ጨው የተናገ» ይላል። ከዚያ ገጹ አለቀ። ሌላ ገለጥኩ፤ ግማሽ ቃል። ሌላ፤ የፊደል እግር ብቻ። አመዴ ቡን አለ። ቁርጥራጩን እንዳልፈልግ ጠዋት ቆሻሻ የሚያነሳው መኪና ወስዶታል። እማዬ ብቻዋን ፈገግ የምትለው ለምን እንደሆነ ያን ጊዜ ገባኝ። አባዬ እዚያ ዳር ላይ ነበር፤ እኔ ደግሞ በራሴ ማሽን ቆርጬ ጣልኩት።

ታላቅ ወንድሜ ጋ ደወልኩ። «ዳኛው» ነው የምንለው፣ ሳይጠየቅ ስለሚፈርድ።

«ዝም በይ» አለኝ። «ዓይኗ ደክሟል፣ ላታየው ትችላለች። ሆድ ይፍጀው።»

«የኔ ሆድ አንድ ቀን ነገር ፈጅቶ ያውቃል?»

«እሱስ እውነትሽን ነው» ብሎ ዘጋው።

ከሰዓት በኋላ ሄድኩ። መንገዱን ሁሉ የምለውን ሳሰናዳ ነበር፣ በር ላይ ስደርስ ሁሉም ጠፋኝ። እማዬ ወንበሯ ላይ ናት። መጽሐፉን ጭኗ ላይ አስቀምጬ በአንድ ትንፋሽ አፈረጥኩት።

«እማዬ፣ ዳሩን ከረከምኩት፣ የአባዬ ጽሑፍ ሄደ፣ እድፍ መስሎኝ ነው፣ ብትረግሚኝም አልፈርድብሽም!»

መነጽሯን አደረገች። ገለጠች። አንድ ገጽ፣ ሁለት ገጽ፣ ሦስት። ፊቷ ላይ ምንም አይነበብም። ላለቅስ ስል ትከሻዋ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ጎንበስ ብዬ ሳይ ትስቃለች።

«በስመ አብ! እማዬ፣ ምን ያስቃል?»

«ሰውዬው በዕድሜው ሁሉ ቃል አሳጥሮ ሲናገር ኖሮ፣ አንቺ ደግሞ የቀረችውን ገመስሽበት!» ዓይኗን ጠረገች። «ነይ ተቀመጪ። አባትሽ ጠዋት ወደ ሥራ ሳይሄድ ጸልዮ ዳሩ ላይ አንድ ነገር ጫር ያደርጋል። እኔ ከሰዓት ያንኑ ገጽ ስጸልይ አነበዋለሁ። በአፉ የማይወጣለትን በእርሳስ ነበር የሚነግረኝ። ሠላሳ ስምንት ዓመት አንብቤው ሳበቃ የሚጠፋኝ መሰለሽ? እሱ እግዚአብሔር ጋ ነው፣ ቃሉ እኔ ጋ ነው። ማሽንሽ የቱ ጋ ደርሶ ይቆርጠዋል?»

ያለችኝ ሁሉ አንጀቴን አራሰው። ሾርባው ያለበትን ገጽ ከፈተች።

«'ስለ ሾርባው ጨው የተናገርኩት ስህተት ነው። የጎደለው የኔ ምስጋና ነበር።' ሦስት ቀን አኩርፌው ነበር፤ ይቺን ሳነብ ሳቄ አሳፈረኝ። በይ እርሳስ አምጪ፣ ጻፊ።»

ጻፍኩ። መንገደኞች የሚታሰቡበት ጸሎት ጋ ደረስን። «'ልጁ ለሥራ ሲሄድ አላለቀስኩም ብያለሁ። ዋሽቻለሁ፣ ይቅር በለኝ።'» ልጁ ዳኛው ነው፤ «አባዬ ስሄድ እንኳ አላለቀሰልኝም» ይል ነበር፣ ይህን ቢሰማ ፍርዱ ይገለበጣል። እየሳቅን፣ እየተጨቃጨቅን፣ እሷ እያለችኝ እኔ እየጻፍኩ ብዙ ገጽ ሄድን። አባዬን እንደዚያን ቀን ሲያወራ ሰምቼው አላውቅም።

ምጥ ላይ ላለች ሴት የሚጸለየው ጸሎት ጋ ስንደርስ ዳሩ ባዶ ነው፤ አንድ ጭረት እንኳ አልተረፈም።

«እዚህስ ምንም አልነበረም?»

እማዬ ገጹን በመዳፏ ዳሰሰችው። «ይሄ ያንቺ ነው። ስትወለጂ አላለቀስሽም። አዋላጇ ዘቅዝቃ ጀርባሽን ብትመታ፣ ብታሽ፣ ዝም። አባትሽ ደጅ ቆሟል፤ በበሩ ስንጥቅ የኔን ለቅሶ እንጂ ያንቺን አይሰማም። ተስፋ ስንቆርጥ አንዴ ጮኽሽ፣ የሕንጻው ሰው ሁሉ ወጣ! በማግስቱ እንዲህ ብሎ ጻፈ፦ 'ጌታ ሆይ፣ ጮኸች። እኔ ዝምተኛ ነኝ፣ የሷን ድምፅ ግን አትቀንስብኝ። እኔም ዝም በይ አልላትም።'»

እርሳሱ እጄ ላይ ቀረ። ትምህርት ቤት መምህሩ «ዝም በይ» ብሎኛል። ወንድሜ ብሎኛል፣ ደንበኛ ብሎኛል፣ እማዬ ራሷ ሺ ጊዜ ብላኛለች። አባዬ ግን በሕይወቱ አንድም ቀን! እኔ እኮ የሰለቸሁት ይመስለኝ ነበር። ከሥራ ደክሞ ገብቶ እኔ ስለፈልፍ ዓይኑን ጨፍኖ የሚቀመጠው፣ ችሎኝ ነው እል ነበር። ለካ ደስ ብሎት እያዳመጠ ነው።

ቃሉን በስፌቱ በኩል ባለው ዳር፣ ጥግ አስጠግቼ ጻፍኩት፤ እዚያ የማንም ጠራዥ ቢላ አይደርስም። ጽፌ ስጨርስም ቃል አልወጣኝም።

እማዬ ደንግጣ ጉልበቴን ነካችኝ። «ምነው ዝም አልሽ? ተናገሪ እንጂ! የሰውዬውን ጸሎት ልታበላሺበት ነው?»

«ቀጥሎስ ምን ይላል?» አልኩ፣ እያለቀስኩም እየሳቅኩም፣ ባለኝ ድምፅ ሁሉ።

ላይኛው ፎቅ ያለችው ጎረቤታችን መስኮቷን ዘጋች።