የመስታወቷ ቆቅ

የመኪና ነጋዴው ሐጂ ዛሪን በጣቱ አንጓ የጭነት መኪናውን የጎን ስፖንዳ አንኳኳ፤ ጆሮውን አስጠግቶ እንደገና አንኳኳ። ከዚያ ትኩስ ቀለም የነካውን ጣቱን በመሐረብ ጠረገና ሳቀ።

"ወንድሜ ሚስሪ፣ ይሄ የጭነት መኪና ነው ወይስ ሙሽራ?"

ሚስሪ ካንም አብሮት ሳቀ። የተመሰገነ መስሎት ነበር። "ተጎሳቁላ ከቤቴ እንድትወጣ አልፈለግኩም" አለ። "ልጆቼን ያሳደገች ናት።"

ልጁ ፓልዋሻ ግን የነጋዴውን ሳቅ አልወደደችውም። ከምትሠራበት መድኃኒት ቤት ፈቃድ ጠይቃ ነበር አባቷን ተከትላ የመጣችው። አዲስ መኪና ከውጭ ማስገባት የማይቀመስ ከሆነ ወዲህ የአሮጌዎቹ ዋጋ በየሳምንቱ ሲወጣ በስልኳ ስትከታተል ከርማለች። በፔሻዋር ቀለበት መንገድ ላይ ሰዎች ለዓመታት የነዱትን መኪና ከገዙበት በላይ ይሸጡት ጀምረዋል። የአባትና ልጅ ሐሳብ ቀላል ነበር፤ ትልቁን ሰጥተው፣ ምንም ሳይጨምሩ፣ አትክልት የምታመላልሰውን የሐጂን ትንሽ መኪና መውሰድ። የአባቷ ጉልበት የትልቁን መኪና ፍሪሲዮን መርገጥ አቅቶታል። ትንሿን ከያዘ ግን ከከተማ ሳይወጣ ይሠራል፤ ማታ ማታ ቤቱ ይገባል።

"በስልክ 'እኩል ለኩል እንለዋወጣለን' ብለውን ነበር እኮ፣ ሐጂ" አለች።

"ያኔ አልተቀባም ነበር፣ ልጄ። እኔ በዚህ ሥራ ነው የሸበትኩት። ሊሸጥ ሲል የሚቀባ መኪና የሚደብቀው ነገር አለው። ከሥሩ ብረት ይሁን ስብራት የተደፈነበት ስቱኮ በምን ልወቅ? ተገልብጦም ሊሆን ይችላል። ስድስት መቶ ሺህ ሩፒ ጨምሩና ትንሿን ውሰዱ።"

"ተገልብጦ?" አለ ሚስሪ ካን።

ፓልዋሻ እጁን ይዛ ወደ ጎን ወሰደችው።

"አባባ፣ ለቀለሙ ስንት ከፈልክ?"

ጫማውን አየ። "ያለችንን።"

"ያለችንን በሙሉ?"

"እናትሽ ብትኖር አሮጌ ልብሷን አልብሳ አትሰዳትም ነበር።"

ልትቆጣው አፏን ከፈተች። ጢሙ ላይ አረንጓዴ ቀለም ጠብ ብሎ ደርቋል። በሻርፗ ጫፍ ምራቅ ነክታ ጠረገችለት፤ እሱም እንደ ሕፃን አገጩን አቀና። ቁጣዋን ምን እንዳደረገችው እንጃ።

መኪናውን ብቻዋን ዞረችው። ዙሪያውን የተሳሉት አበቦች፣ ተራሮች፣ ዓይኖች ሁሉ አዲስ ናቸው። ከሾፌሩ በር ኋላ ስትደርስ ግን ቆመች። ከሌሎቹ መሐል አንዲት በብሎን የታሰረች የብረት ሳንቃ ብቻ ደብዝዛለች፤ ላይዋ ላይ ጸሐይ የበላት ቆቅ አለች። እናቷ ናት ያሳለቻት፤ አባቷ በመንገድ ላይ ቀና ባለ ቁጥር በጎን መስታወቱ እንዲያያት።

"ይቺን አላስቀባሃትም?" አለችው አባቷን።

"ቀቢው ብሩሹን ይዞ ሲመጣ እጁን ያዝኩት።"

"ሐጂ!" ብላ ተጣራች። "ይምጡ እስቲ። ይቺ ሳንቃ እኛ ስንገዛው ጀምሮ ያለች ናት፤ ቆቋ ከተሳለችባት ወዲህ ሰው አልነካትም። ብሎኖቹን ይዩ፣ ከነዝገታቸው። ስቱኮ ካገኙ ስድስት መቶ ሺህዎን እንጨምራለን። የተገለበጠ መኪና ጎኑ እንዲህ ይሆናል?"

ሐጂ ዛሪን መነጽሩን አደረገ። በጥፍሩ ጫረ። ነጠላ ቀለም፣ ከሥሩ ብረት። ቁና ቁና እየተነፈሰ ከመኪናው ሥር ገባና ሻንሲውን በባትሪ ሲያይ ቆየ፤ ብየዳ ፈልጎ አጣ። ሲወጣ ጉልበቱን እያራገፈ ነበር።

"ከዚህ የባሰ አሮጌ ሰሞኑን እዚሁ መንገድ ላይ በስንት እንደተሸጠ ደግሞ ከእኔ በላይ እርስዎ ያውቃሉ" አለችው።

"ሚስሪ፣ አንተ መኪና ትነዳለህ፤ ልጅህ ነጋዴ ትነዳለች!" እጁን ዘረጋ። "እኩል ለኩል። ከመጸጸቴ በፊት ጨብጠኝ።"

ተጨባበጡ። ሐጂ ዛሪን ወደ ቆቋ አየና ከኪሱ ካቻቢቴ አወጣ። "ከፈለግክ ፍታትና ውሰዳት። ቀዳዳውን አስደፍነዋለሁ።"

ሚስሪ ካን ካቻቢቴውን ተቀበለ። የመጀመሪያው ብሎን እምቢ አለ፤ ከዚያ እየጮኸ ላላ።

"ገዢ አግኝተህላታል?" አለ፣ ዓይኑን ከብሎኑ ሳይነቅል።

"የካራቺ ሰው ነው። ከወደቡ ጭነት ያነሳል።"

"ባሕሩ አጠገብ?"

"ውሃው ጎማውን እስኪረጨው።"

ሚስሪ ካን እጁ ቆመ። ከካራቺ በተመለሰ ቁጥር ሚስቱ እግሩን የሚታጠብበት ውሃ እያቀረበች፣ የባሕሩ ማዶ ይታይ እንደሆነ ትጠይቀው ነበር። "በሚቀጥለው ጉዞ አብረን ሄደን ራስሽ ታይዋለሽ" ይላታል። በሚቀጥለው ጉዞ ግን ሁልጊዜ ጭነት ይኖራል፤ ረዳት ይኖራል፤ ጋቢናው ይሞላል።

"ሰውዬው ይቀባባት ይሆን?"

"አትንካት እለዋለሁ።"

"በለው።"

"አባባ፣ አንወስዳትም?" አለች ፓልዋሻ።

እሱ ካቻቢቴውን ወደ ቀኝ አዙሮ ብሎኑን እስከ መጨረሻው አጠበቀው፤ በአውራ ጣቱም ሞከረው። ከዚያ የሾፌሩን ጎን መስታወት በእጅጌው ወለወለና፣ ቆቋ እስክትታይበት ድረስ ቀስ አድርጎ አዞረው።