የገና ካርድ ፈገግታ

"አገጭህን ዝቅ። ትንሽ ወደ ግራ። በቃ፣ አሁን ሳቅ።"

ካርሰን ሳቀ። ሳቀ ማለት ጥርሱን አሳየ። እናቱ ዳርላ ካሜራውን ከዓይኗ አወረደችና በረጅሙ ተነፈሰች። ልጁ እንደ በርሜል የተጠቀለለ ድርቆሽ ላይ ተቀምጧል፤ ከኋላው የታጨደው የበቆሎ ማሳ በማምሻዋ ፀሐይ ወርቅ መስሏል፤ ሸሚዙ ተተኩሷል፤ ፀጉሩ፣ ተአምር ነው፣ ተበጥሯል። ፊቱ ብቻ ጥርስ ሐኪም ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው ፊት ነው።

ይህን ፊት ታውቀዋለች። የሠራችውም ራሷ ናት። ገና ሳይደገፍ መቀመጥ ከማይችልበት ጊዜ ጀምራ በየዓመቱ ለዘመድ ለሚላከው የገና ካርድ ስታነሳው፣ ለአንድ ፈገግታ አንድ ከረሜላ እየከፈለች አሠልጥናዋለች። ልጁም እንደ ጎበዝ ሠራተኛ የሚፈለግበትን ጠንቅቆ ያዘ። ካሜራው ቀጭ ሲል ከንፈሩ ይከፈታል፣ ጥርሱ ይደረደራል፣ ዓይኑ ግን ሌላ አገር ይሄዳል። ዘመድ አዝማድ ሁሉ ማቀዝቀዣው ላይ የለጠፈው ይህንኑ ፈገግታ ነው፤ ከዓመት ዓመት የሚለወጠው ሹራቡ ብቻ።

የሚያስገርመው፣ ዳርላ እንጀራዋ ሰው ማሳቅ መሆኑ ነው። አዮዋ ውስጥ ባለችው በዚህች በኦልደን ከተማ፣ አሥራ ሁለተኛ ክፍል የደረሰ ልጅ ሁሉ የምረቃ ዓመት ፎቶውን የሚነሳው እሷ ዘንድ ነው። ቅርጫት ኳስ ተጫዋቹ ከነኳሱ ይመጣል፣ የገበሬው ልጅ ከነትራክተሩ፤ አምና እንዲያውም አንዷ ዶሮዋን ታቅፋ መጥታ ዶሮዋም ጥሩ ወጥታለች። ዳርላ የማታስቀው ኮስታራ የለም። የፎቶ ቤቷ መስኮት ከዳር እስከ ዳር ከልቡ በሚስቅ ወጣት የተሞላ ነው።

ዘንድሮ የሚመረቀው ካርሰን ራሱ ነው፤ የምረቃ መጽሔቱ ፎቶ መቀበል የሚያቆመው ደግሞ ዛሬ ማታ ነው። ፎቶ ያልላከ ተማሪ በእሱ ቦታ የትምህርት ቤቱ ዓርማ ይወጣለታል፤ ዓርማው የቦክስ ጓንት ያጠለቀ የበቆሎ እሸት ነው። የፎቶ አንሺዋ ልጅ እሸት ሆኖ ከወጣ፣ ዳርላ አገር ለቅቃ መሄድ ነው የሚቀራት። ይህ የገና ካርድ ፈገግታ ከሚወጣ ግን እሸቱ ሳይሻል አይቀርም።

"ዓይንህም ይሳቅ እንጂ" አለችው።

"ዓይኔ ዛሬ ሥራ አልገባም።"

"ካርሰን፣ ፀሐይዋ እኮ እየሄደች ነው።"

"በሰላም ትግባ።"

ያልሞከረችው የለም። የብርሃን ማንጸባረቂያውን ይዛ ጨፈረች። የጎረቤታቸውን ተርኪ ዶሮ ድምፅ አስመሰለች። ወደ ኋላ ስታፈገፍግ ቦይ ውስጥ ልትወድቅ ነበር፤ እሱ እንኳ አላሳቀውም፣ "እያየሽ" አላት ብቻ። በመጨረሻ አፏ እንደ ልማዱ ሥራውን ጀመረ። "ያን ዓመት ኤግዚቢሽኑ ላይ ከበጓ ጋር..." ብላ ሳትጨርስ የልጇን ፊት አየችና አቋረጠችው።

"ቀጥዪ እንጂ" አለ ካርሰን። "ለሌላው ስትነግሪ አታቆሚም።"

"ለማን ነገርኩ?"

"ለማን አልነገርሽም ነው የሚባለው።"

ነገሩ ወጣ። ማክሰኞ ዕለት ዊላ የምትባል ልጅ ፎቶ ልትነሳ ዳርላ ዘንድ መጥታ፣ ዳርላ እሷንም በዚያው ታሪክ አስቃት ነበር። ካርሰን ለዊላ አንድ ቁም ነገር ለመናገር ከፀደይ ጀምሮ ሲዘጋጅ የከረመ ልጅ ነው። በማግስቱ ምሳ ሰዓት ላይ ዊላ ራሷ ወደ ጠረጴዛው መጣች። "ባለቤትህ እንዴት ናት? ተሸለተች?" አለችው። ጠረጴዛው በሳቅ ተናወጠ። ማንም ምን ማለት ነው ብሎ አልጠየቀም፤ ሁሉም ዳርላ ፎቶ ቤት ደርሶ የተመለሰ ነውና። ካርሰን ሕፃን ሳለ የእርሻ ኤግዚቢሽን ላይ ጠፍቶ፣ የበጎች በረት ውስጥ አንዲት ተሸላሚ በግ አቅፎ ተኝቶ መገኘቱን፣ ሲቀሰቅሱትም ለዳኛው "አገባታለሁ" ማለቱን የማያውቅ የኦልደን ወጣት የለም።

"እማ፣ እኔ እኮ የሥራ ዕቃሽ ነኝ" አለ ካርሰን። "ከመብራቱና ከጃንጥላው ጋር ሻንጣ ውስጥ ነው የምትከቺኝ።"

ሳይቆጣ ነው የተናገረው፤ ያ ነው ለዳርላ የባሰባት። ታሪኩ እኮ ደስ የሚል ነው፣ ሰው ሰምቶት ይወድሃል እንጂ ልትለው ስትል የፎቶ ቤቷ መስኮት ድቅን አለባት። እዚያ የተደረደረው ሳቅ ሁሉ በዚህ ልጅ የተገዛ ነው፤ ከመሃላቸው የሌለው እሱ ብቻ።

"ይቅርታ" አለችው። "እውነቴን ነው።"

"እሺ። ጨርሺኝና እንሂድ። ጥርሴ ዝግጁ ነው።"

ዳርላ ግን ካሜራውን አንገቷ ላይ እንዳንጠለጠለች ድርቆሹ ላይ ወጥታ አጠገቡ ተቀመጠች።

"አያትህ ቤት ደረጃው ጋ የተሰቀለው ፎቶዬ ትዝ ይልሃል? መስታወቱ ላይ የወረቀት ሱፍ አበባ የተለጠፈበት።"

"መስታወቱ ተሰንጥቆ ነው ብላኛለች አያቴ።"

"ምኑም አልተሰነጠቀ። ከአበባው ሥር የሰው ስም አለ።"

ነገረችው። ያኔ፣ እሷ በእሱ ዕድሜ ሳለች፣ አንዲት ልጅ የወንድ ጓደኛዋን የስፖርት ጃኬት ለብሳ የምረቃ ዓመት ፎቶ ከተነሳች ቀለበት እንዳሰረች ይቆጠር ነበር። ዳርላ ጓደኛ ከያዘች ገና ሁለተኛ ሳምንቷ ነው፤ ግን ቸኮለች። ጃኬቱን ለመነች፤ ደረቱ ላይ የባለቤቱ ስም በወርቃማ ክር ተጠልፏል። ፀጉሯን እንደዚህ ድርቆሽ ከምራ፣ በስፕሬይ አድርቃ ሄደች። ፎቶ አንሺው ሽማግሌ የዘመኑን ፋሽን እንዲሠራላትም ለመነችው፤ እሱም አንዱን ፎቶ በሌላው ላይ ደርቦ አተመላት። ከታች ዳርላ በጃኬቱ ተቀምጣለች፤ ከላይ የዳርላ ትልቅ ጭንቅላት እንደ መንፈስ ተንሳፍፎ ወደ ታች ስሙን በፍቅር ያያል። ፎቶው ታጥቦ ሲመጣ ልጁ ክላርኔት ከምትነፋ ልጅ ጋር ሄዷል። እናቷ ግን ገንዘቧን ከፍላለች፤ በትልቅ ፍሬም አድርጋ ሰቀለችው፣ ስሙን በአበባ ሸፈነችው፣ ነገሩ አለቀ።

"ማነው ልጁ?" አለ ካርሰን። የከንፈሩ ጫፍ መንቀጥቀጥ ጀምሯል።

ዳርላ ማሳውን ማሳውን አየች። "ሮድኒ።"

"ሮድኒ የሚባል አላውቅም።"

"ታውቀዋለህ። ፊሽካ ከአንገቱ የማይለይ።"

ዝናብ እየዘነበ ሜዳውን የሚያዞራቸው፣ ሲያስነጥሱ እንኳ የሚቆጣው የስፖርት አስተማሪያቸው ፊቱ ላይ መጣበት።

"ኮች ክሉግ?"

ዳርላ ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች።

ሳቁ ከሆዱ ነው የጀመረው። መጀመሪያ ድምፅ አልነበረውም፤ ትከሻው ብቻ ይርገፈገፋል። ከዚያ እንደ አህያ እያናፋ ወደ ኋላ ተንጋለለና ከድርቆሹ ላይ ተንሸራትቶ የታጨደው ማሳ ላይ ተዘረጋ። "ኮች ክሉግን ደረትሽ ላይ ጽፈሽ" ይልና ሳቁ ያቋርጠዋል፤ "ደግሞ ሁለት ሆነሽ!"

ዳርላ ዘልላ ወርዳ ፎቶ አነሳችው። ፀጉሩ ውስጥ ገለባ ገብቷል፣ አፍንጫው ተሸብሽቧል፣ ዓይኑ በእንባ ሊጠፋ ደርሷል፤ ለሌላ ደንበኛ ቢሆን የምታፍርበት ፎቶ ነው። ካሜራው ቀጭ፣ ቀጭ አለ። ካርሰን ድምፁን ሰማ፤ ፊቱ ግን ወደ ገና ካርዱ ፈገግታ አልተመለሰም።

ወደ መኪናው ሲሄዱ ፎቶዎቹን አገላብጦ አየና አንዱ ላይ ቆመ። "ይሄ ይላክ" አላት። እንባውን በእጅጌው እየጠረገ ቅዳሜ ማን ቀጠሮ እንዳለው ጠየቃት።

ዳርላ የመኪናውን ቁልፍ ከኪሷ አወጣች። "ማኬና ክሉግ። ለመጽሔቱ ሳይሆን ቤታቸው ለሚሰቀል ፎቶ።"

ካርሰን ቆመ። የኮች ክሉግ ልጅ ማኬና አባቷን ነው የወጣችው፤ ጥርስ እንዳላት በወሬ ነው የሚታወቀው።

"በምን ልታስቂያት ነው?"

"በጓን አልነካትም። አንተንም።"

"እና?"

ዳርላ ቁልፉን በእጇ ይዛ አሰበች። ሰኞ ጠዋት ከተማው ሁሉ ይሰማል። ኮች ክሉግን ገበያ አዳራሽ ውስጥ፣ እንቁላል መደርደሪያው ጋ፣ በየሳምንቱ ነው የምታገኘው። ስሙን ትታ ልታወራው ትችላለች፤ ግን ሥራዋን ታውቃለች፣ ታሪኩ ስሙ ከተቀነሰበት አንድ ጥርስ አይገኝበትም።

"በራሴ ነዋ" አለች።

"ከነስሙ?"

ሞተሩን አስነሳች። "ከነስሙ" አለችና፣ ወደ ቤታቸው የሚወስደውን መታጠፊያ አልፋ፣ ፎቶው ወደተሰቀለበት ወደ እናቷ ቤት ነዳች።