ቀዩ ዘንዶ

ልብስ ሰፊዋና የአጎቷ ልጅ ያደጉት አንድ ቤት ነው። ጠንቋይና ዘንዶ የሚፋለሙበትን የካርድ ጨዋታ የጀመሩትም አብረው ነው። ካደጉ በኋላ መጫወቱን ተዉት፤ የሚያብረቀርቁትን ካርዶች መሰብሰቡን ግን አልተዉም።

እሷ ከሁሉ የምትሳሳላት የበረዶ ንግሥት የምትባለው ካርድ ነበረች፤ አባቷ በሕይወት ሳለ የገዛላት። የአጎቷ ልጅ፣ ቤተሰቡ «ጮሌው» የሚለው፣ ለጓደኞቼ ላሳያት ብሎ ወስዶ በማግስቱ መለሰላት። አልበሟ ውስጥ ልትከታት ስትል ግን እጇ ላይ ቀለለቻት። ወደ መስኮቱ ወስዳ ዘንበል ቀና አደረገቻት። እውነተኛዋ ላይ የሚንሸራተተው ብርሃን ካለበት ንቅንቅ አላለም። አስመስለው ያተሟት ናት።

ስትጠይቀው ሳቀባት። «ያቺው ናት እኮ። ዓይንሽን ተመርመሪ።»

ለእናቷ ነገረቻት።

«አሁን በዚህ ከወንድምሽ ልትጣዪ ነው?» አለቻት እናቷ።

የሐሰቷን ካርድ አልበሟ ውስጥ ከተተቻት። ቂሟን ግን ዋጥ አድርጋ ያዘች።

ጮሌው የዘንዶዎቹን ስብስብ ለመሙላት ቀዩ ብቻ እንደቀረው ዘመድ አዝማዱ ሁሉ ያውቃል፤ ባገኘው ቁጥር የሚያወራው ስለሱ ነው። እሷም ውስጥ ውስጡን ስታፈላልግ ኖራ አንድ ደንበኛዋ ዘንድ አገኘችው። ሙሉ ልብስ ሰፍታ ለወጠችውና ወሬው ጮሌው ጆሮ እስኪደርስ ጠበቀች።

እያለከለከ ሱቋ ድረስ መጣ።

«እህቴ፣ አለሽ አሉኝ። የፈለግሽውን ጠይቂኝ።»

«ንግሥቴን አምጣ።»

«ሰይጣን አሳስቶኝ ነው» አለና ወጣ።

በማግስቱ ይዟት መጣ። ስታዘነብላት ብርሃኑ ዘውዷ ላይ ተንሸራተተ። መሳቢያ ውስጥ ቆለፈችባት። ከዚያ ቀዩን ዘንዶ አወጣች። እጁን ሲዘረጋ የጨርቅ መቀሷን አንስታ ዘንዶውን መሀል ለመሀል ቆረጠችው፤ ደግማም አራት አደረገችው።

«ኧረ... ምን አደረግሁሽ?» አለ።

«እሱን አንተ ታውቃለህ» አለችና ቁርጥራጩን መዳፉ ላይ አስቀመጠችለት።

ያን ቀን ምሳዋን አጣጥማ በላች። መቀሷ ግን ካርዱን ሲቆርጥ ዶልዱሞ ስለነበር ለሞራጅ ሰጠችው። ጮሌው እሷ ያለችበት ቤት መምጣት አቆመ።

«እንዲህ ጨካኝ መሆንሽን አላውቅም ነበር» አለቻት እናቷ።

«እኔም አላውቅም ነበር» አለችና የጀመረችውን እጅጌ መስፋቷን ቀጠለች።